ለሰፈራችን ተመራጭ

ልብስ ሰፊው የሰው ስም መያዝ አይሆንለትም። ደንበኛ ሲመጣ ልኩን ይወስዳል፣ ጨርቁን በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት ያደርጋል፣ ከዚያ ጠርዙ የተበላውን ደብተሩን ገልጦ «ቡናማ ሱሪ፣ ወገብ ዘጠና» ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቡናማ ሱሪ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ጥቁር ለብሶ ቢመጣም ያው ቡናማ ሱሪ ነው። አንድ ቀን የሰፈሩን ሐኪም መንገድ ላይ አግኝቷቸው «እንዴት ዋሉ፣ ጠባብ ኮሌታ» ብሎ ሰላም እንዳላቸው ይወራል።

«ስም ምን ያደርጋል?» ይላል ሲቀልዱበት። «ስም አይሰፋ፣ አይተኮስ።»

ሱቁ ግን ስም አለው። በሩ ላይ አባቱ ያሰቀሉት ሰሌዳ «ተመራጭ ልብስ ስፌት» ይላል። አባትየው «ደንበኛ የሚመርጠው» ማለታቸው ነበር። ሰፈርተኛው ደግሞ ማሳጠር ይወዳልና ልጁን «ተመራጭ» ብሎ ቀረ። «ተመራጭ፣ ሱሪዬ ደረሰ?» «ተመራጭ፣ ዚፔ ነከሰኝ!» አንድም ሰው ድምፅ ሳይሰጠው ሰውየው ሃያ ዓመት በሥልጣን ላይ ቆይቷል።

ሱቁ ያለው በረጅሙ የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ነው፤ ቤቱ ደግሞ አናቱ ላይ። በመሃል ዘጠና አራት እርከን አለ። እናቱ ድሮ በየማለዳው የብረት ድጋፉን ይዘው ቀስ እያሉ ይወርዱና መስኮቱ ሥር ካለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው የልብስ ቁልፍ ይተክሉ ነበር። የሱቁ ቁልፍ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል፤ የሰፈሩም ወሬ እንደዚሁ። ማን ታጨ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ የማን ልጅ ጥርስ አወጣ፣ ሁሉም በመስኮቱ ገብቶ እሳቸው ጋ አረፍ ብሎ ነው የሚሄደው።

ከዚያ አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። አፈሩን ናደው፣ ከደረጃው ወገብ ላይ አሥራ አንድ እርከን አፈረሰ፣ የብረት ድጋፉንም እንደ ክር አጣምሞ ወረወረው። እናትየው በማግሥቱ «ይህን ደረጃ ከአንተ በፊት ነው የማውቀው» ብለው ሊወርዱ ሲሞክሩ ተንሸራተቱ። ደግነቱ አጥንት አልተሰበረም። ጉልበታቸው ግን አበጠ፣ ልባቸውም ፈራ። ጉልበታቸው ዳነ፤ ልባቸው እንደፈራ ቀረ። ስምንት ወር ሙሉ ከደጅ አልወጡም።

ሥራው እቤት ድረስ ይሄድላቸዋል። ልጃቸው አመሻሽ ላይ ሸሚዞቹን ጠቅልሎ ይወጣል፣ ጠዋት ቁልፍ የተተከለላቸውን ይዞ ይወርዳል።

«ሸሚዙን ታመጣለህ፤ ወሬውን አታመጣም» ይሉታል።

«ምን ወሬ አለ እማዬ? ያው ነው።»

«ያው ነው ይለኛል! የባለ ጋራዡ ሚስት መንታ መውለዷን የሰማሁት መንታዎቹ መዳህ ከጀመሩ በኋላ ነው። እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ወጥቼ ቀረሁ እኮ።»

«አዝዬ ላውርድሽ ስልሽ እምቢ አልሽ።»

«ያዘልኩህ እኔ ነኝ። በስተርጅና ተራ አልቀያየርም።»

ይስቃሉ። ነገር ግን እጅ አይዋሽም። ድሮ እሳቸው የተከሉትን ቁልፍ ለመንቀል ጥርስ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን አሁን ደንበኞች «ላላብኝ» እያሉ መመለስ ጀመሩ። ልብስ ሰፊው ለእናቱ ሳይነግር፣ እሳቸው የተከሉትን ማታ ማታ ደግሞ ያጠብቃል። ሰው ከመስኮቱ ሲርቅ እጁ እንደሚሰንፍ ያን ጊዜ ገባው።

ስለ ደረጃው ምን አደረገ? አማው። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ፀጉር አስተካካይ ጋር በየቀኑ ደረጃውን ሲያሙ ይውላሉ።

«ከላይ ያሉት አያዩም እንዴ?» ይላል ልብስ ሰፊው።

«ያያሉ እንጂ! አይተው ነው ዝም ያሉት።»

«ብንጽፍስ?»

«ለማን? ማን ያነበዋል? የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ነው የሚያደርጉት።»

«እሱስ እውነትህን ነው።»

ሁለቱም ወደየመቀሳቸው ይመለሳሉ። ከላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ ግን አንዳቸውም አያውቁም ነበር። ምርጫ ሲደርስ ተሰልፈው መርጠዋል። የጣታቸው ቀለም ሳይለቅ የመረጡትን ሰው ስም ረስተውታል። የሚደግፉትን የእግር ኳስ ቡድን ተጠባባቂ በረኛ ግን እስከ አያቱ ይጠሩታል። እኛስ ብንሆን? በእነሱ ለመሳቅ አንቸኩል።

አንድ ረቡዕ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ፖስተኛ አንድ ፖስታ ይዞ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ቆመ። ፖስታው ላይ «ለሰፈራችን ተመራጭ» ከሚል በቀር የሰውም የቤትም ምልክት የለበትም።

«ወንድሜ፣ የሰፈሩ ተመራጭ የት ነው የሚገኘው?»

«ያውልህ ፊት ለፊትህ! ሰሌዳውን አታነብም?»

ፖስተኛው አነበበ፣ ረካ፣ ተሻገረ፣ ፖስታውን በልብስ ሰፊው እጅ አስቀምጦ ሄደ።

ልብስ ሰፊው የደንበኛ ምስጋና መሰለውና ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል። «ክቡር ሆይ፤ ይህን የምጽፈው ስለ ድንጋዩ ደረጃ ነው። አሥራ አንድ እርከን ከፈረሰና የብረት ድጋፉ ከወደቀ ስምንት ወር ሆኖታል። በደረጃው አናት የሚኖሩ አንዲት እናት ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጡም። ልጃቸው ደረጃው ግርጌ ሱቅ አለው። ታታሪና ጨዋ ሰው ነው።» እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ፈገግ አለ። «ስለ ደረጃው ሲጠየቅ ግን ‹ከላይ ያሉት ያውቃሉ› ከማለት በቀር አንዳች ነገር ሲያደርግ አላየሁም። ስለዚህ እሱ ያላለውን እኔ እላለሁ።»

ቀሪውን ተቀምጦ ነው ያነበበው። ጆሮው እንደ ትኩስ ካውያ ጋለ።

ሱቁን ዘግቶ፣ የፈረሱትን እርከኖች በጎን ባለው አፈር ላይ እየተንጠላጠለ አልፎ፣ ከቤቱ ሁለት በር ዝቅ ብለው የሚኖሩትን ጡረተኛ መምህርት በር አንኳኳ። ፊደሉን ገና ፖስታው ላይ አውቆታል፤ በልጅነቱ ደብተሩ ላይ «ደግመህ ሥራ» እያለ ሲቀጣው የኖረ ፊደል ነው።

«መምህርት፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል።»

መምህርት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ለአንተ የጻፍኩት ነገር የለም።»

«‹ለሰፈራችን ተመራጭ› ይላል።»

አንድ ጊዜ ፖስታውን፣ አንድ ጊዜ እሱን ተመለከቱና «ወይ ጉድ!» ብለው የበሩን መቃን ይዘው ሳቁ። «ሰላሳ ዓመት አድራሻ አጻጻፍ አስተምሬ! ታዲያ አነበብከው?»

«አነበብኩት። ቅር አላለኝም። አንድም ውሸት የለበትም።» ጎንበስ አለ። «ግን የተመራጩን ስም ለምን አልጻፉበትም?»

ሳቃቸው ቆመ።

«አላውቀውማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፌዋለሁ፤ የአካባቢ ምክር ቤት፣ የክልል ምክር ቤት፣ የአገር ምክር ቤት። አንተም ፈተናው ላይ ከአሥር ዘጠኝ አምጥተሃል። ወንበሮቹን አስጠናኋችሁ፤ ማን እንደተቀመጠባቸው ግን እኔ ራሴ አላጠናሁም። ጎረቤት እንዳልጠይቅ ደግሞ ‹መምህርቷ አታውቅም› መባሉን ፈራሁ። እሱን ፈርቼ ነው እንግዲህ ደብዳቤዬን ለልብስ ሰፊ የላክሁት።»

«ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?»

«ማወቅ ነዋ!»

«እንግዲያው መምህርት፣ ከጻፍን አይቀር ለትልቁ፣ ለአገሩ ተወካይ ይሁን። ትልቁ ካዘዘ ትንሹ ይሮጣል።»

«ሸሚዝህ ላይ ቁልፍ ቢወልቅ ጨርቅ ፋብሪካ ትሄዳለህ?»

«ምን በወጣኝ! ለቁልፍ?»

«በል እንግዲህ። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት በሬ ላይ ጠብቀኝ። እጄን ይዘህ የፈረሰውን ታሻግረኛለህ።»

በማግሥቱ የአካባቢው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ገቡ። ጸሐፊዋ የተመራጮችን ስም ሲጠይቋት እንደ እንግዳ ደራሽ አየቻቸው፤ ከዚያ ተነስታ የክፍሉን በር ዘጋች። ለካ ዝርዝሩ የተለጠፈው ከበሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። በሩ ደግሞ ጠዋት ተከፍቶ የሚዘጋው ወደ ቤት ሲኬድ ስለሆነ፣ ዝርዝሩ የሥራ ሰዓት ላይ የሰው ዓይን አይቶ አያውቅም።

«ለምን እዚያ ለጠፋችሁት?» አሉ መምህርት።

«ማንም ጠይቆ አያውቅማ፣ እትዬ።»

«ማንም ያልጠየቀው ስለማታሳዩት ነዋ!»

ጸሐፊዋ አፍራ ሳቀች። ከዚያ ግን ማስረዳቱን አሳመረችው። «ምንድን ነው ጉዳዩ? ደረጃ? ደረጃ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ ቆሻሻ ማንሳት የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ከተማ ከከተማ የሚያገናኘው መንገድና ትልቁ ሆስፒታል የክልሉ። ጡረታን የመሳሰለውን፣ ለሁሉም የሚሆነውን ሕግ የሚያወጣው የአገሩ ነው። ስለ ደረጃ ለአገሩ ተወካይ ብትጽፉ ወደ ክልሉ ይመራዋል፣ ክልሉ ወደ እኛ ይመራዋል። እኛ ጋ እስኪደርስ ደብዳቤው ከእናንተ የበለጠ አገር ያያል።»

ሦስቱ ተወካዮች ከነፎቶግራፋቸው ተደርድረዋል። ልብስ ሰፊው የመጀመሪያውን፣ የአካባቢው ምክር ቤት ተወካይዋን ፎቶ ሲያይ ክው አለ።

«ትከሻ አርባ ሁለት!»

«ምን አልክ?» አሉ መምህርት።

«ግራጫ ካፖርት! ትከሻ አርባ ሁለት፤ ግራ እጃቸው ከቀኙ በአንድ ሳንቲሜትር ያጥራል። ገበር ለማስቀየር አምጥተውት ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል እኮ! ሦስት ዓመት ሙሉ ስለካቸው...»

«ተመራጭህን በሳንቲሜትር ታውቃለህ ማለት ነው» አለች ጸሐፊዋ።

ልብስ ሰፊው ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ደብተሩን ከኪሱ አወጣና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሦስት ሰው ሙሉ ስም ከነስልክ ቁጥሩ ጻፈ።

ቅዳሜ ግራጫ ካፖርት መጡ። ልብስ ሰፊው ካፖርቱን ሳያወርድ ቆሞ ቀረ።

«ለካ እርስዎ ተመራጭ ነዎት!»

ሴትየዋ ቀና ብለው የበሩን ሰሌዳ አዩ። «አንተን ባላክልም።»

«አይቀልዱ እንጂ። ሦስት ዓመት ሲመላለሱ አንድ ቀን እንኳ ተመራጫችሁ ነኝ አላሉኝም።»

«ሰሌዳውን ሳየው ቦታው የተያዘ መሰለኝ።» ከዚያ ቁም ነገር ያዙ። «አንተም ሦስት ዓመት ስትለካኝ ማን ነሽ አላልከኝም። ግን ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው። በምርጫ ሰሞን በር ለበር አንኳኳሁ፤ ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬን ከፍቼ ሰው እጠብቃለሁ። ከእናንተ ሰፈር አንድ ሰው መጥቶ አያውቅም። ደህና ናቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ያ ዝናብ ከወንዙ ማዶ ያለውንም ደረጃ አፍርሶት ነበር። የዚያ ሰፈር ሰዎች አሥራ ስድስት ደብዳቤ ጻፉ። በሁለት ወር ተሠራላቸው።»

«ያው ዝናብ?»

«ያው ዝናብ፣ ያው ሌሊት።»

ልብስ ሰፊው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከስምንት ወር ላይ ሁለት ሲቀነስ ስድስት። ስድስት ወር ሙሉ እናቱ አናት ላይ የቀሩት ዝናቡ ስለወሰነ አልነበረም። እሱ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ደረጃውን ሲያማ ነው ያለፈው። ስድስት ወር፣ ለአንድ ቴምብር።

«እባክዎ አሁን እነግርዎታለሁ፣ ይስሙኝ...»

«አሁን ብትነግረኝ ካፖርቴን እየለበስኩ እሰማሃለሁ፤ መታጠፊያው ላይ ስደርስ እረሳዋለሁ። ሰው ነኝ። ጻፈው። የቱ ጋ፣ መቼ፣ ምን እንደፈረሰ፣ ማን እንደተጎዳ። ስምህንና ስልክህን አስቀምጥ፣ ፈርም። ጽሕፈት ቤቱ ሲቀበለው ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥር ያለው ነገር ይጠየቃል፤ የተነገረ ነገር ይረሳል። ዝም ካልኩህ ቁጥሩን ጠቅሰህ ደግመህ ጻፍ። አትፈር።»

ደብዳቤው በዚያው ምሽት በእናትየው ክፍል ተጻፈ። መምህርት ያርማሉ፣ ልብስ ሰፊው ይጽፋል፣ እናትየው ያዛሉ።

«‹አቅመ ደካማ አሮጊት› ያልከውን ሰርዘው» አሉ እናትየው።

«ያሳዝናል ብዬ ነው እማዬ።»

«እኔ ማሳዘን ሳይሆን መውረድ ነው የምፈልገው። ‹ቁልፍ ተካይ› በል። ደግሞ ስሜን መጀመሪያ ላይ አድርገው፤ ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ ወረቀቱ ለፊርማ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ተሻገረ።

«ማን ያነበዋል?» አለ እንደ ልማዱ።

«ግራጫ ካፖርት ያነቡታል።» ልብስ ሰፊው ምላሱን ነከሰና ደብተሩን ገልጦ ሙሉ ስማቸውን አነበበለት። «ያንተም ተመራጭ ናቸው። መርጠሃቸዋል።»

«እኔ?»

«ያን ቀን የምርጫው ቀለም ጣቱ ላይ እያለ የኔን ጢም አስተካክሎ አገጬን ያጠቆረው ማን ሆኖ ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀና ፈረመ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውንም ደንበኛ ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ አስፈረመው። በሦስት ቀን ውስጥ አርባ አንድ ፊርማ ተሰብስቦ ደብዳቤው ጽሕፈት ቤቱ ገባ፤ ቁጥርም ተሰጠው።

ከዚያ ወር አለፈ፤ መልስ የለም። ፀጉር አስተካካዩ «አላልኩህም?» ማለት ጀመረ፣ ልብስ ሰፊውም ልቡ መለስ ማለት ፈለገ። መምህርት ግን ቁጥሩን በጣታቸው እየጠቆሙ «ደግመህ ሥራ» አሉት፤ ደግሞ ጻፈ። አንድ ማክሰኞ ሱቁን ዘግቶ ራሱ ቢሮ ሄደ። በሳምንቱ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጥተው ደረጃውን ለኩ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ አሰላለካቸውን ሲያይ «ከግራ በኩልም ያዙለት፣ ያጥራል» ብሎ ጣልቃ መግባቱ አልቀረም። ሌላ ሦስት ሳምንት ጠጠርና ሲሚንቶ ሲጓጓዝ ከረመ። መጨረሻ ላይ አዲሱ የብረት ድጋፍ ተተከለ፤ በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በሁለቱም።

እናትየው የወረዱት ሐሙስ ዕለት ነው። ዘጠና አራት እርከን ለመውረድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ጉልበታቸው አይደለም ያዘገያቸው። በየበሩ ሰው ወጥቶ ይይዛቸዋል፤ ይሳሳማሉ፣ የቀረባቸውን ወሬ ይሰበስባሉ። መንታዎቹ ዘንድ ብቻ ሩብ ሰዓት ቆሙ። ልጃቸው የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ ግርጌው ላይ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲደርሱ በቀጥታ ወደ መስኮቱ አለፉ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «ክር ስጠኝ» አሉት። የዚያን ቀን የተከሉትን ቁልፍ ማንም ማጥበቅ አላስፈለገውም።

መምረጥ አንድ ቀን ነው፤ ተመራጭ ያለው ሰው መሆን ግን የየዕለት ሥራ ነው። ልብስ ሰፊው አሁን ለደንበኛው ሁሉ፣ ጨርቁን ገና እያሸ፣ «ለመሆኑ የአካባቢዎ ተመራጭ ማን ነው?» ይላል። ካላወቁ ይነግራቸዋል። ሦስቱን ስም ከነስልኩ በትልቅ ፊደል ጽፎ ከመስታወቱ ጎን ለጥፎታል፤ ልብስ የሚለካ ሰው ሳያየው አይወጣም። የዚህ ታሪክ አንባቢም የራሱን ሦስት ስም በቃሉ መጥራት ካቃተው አይፈር፤ ነገ ጠዋት ይጠይቅ። የሚያሳፍረው ዝናብ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

በማክሰኞው እናትየው «መንገድ አለኝ» ብለው ወጡ። ልጃቸው ተከተላቸው። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገብተው ወረፋ ያዙ፤ ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ቀና አለች።

«ምን ጎደለ እማማ?»

«ምንም አልጎደለ። ላመስግን ነው።»

ጸሐፊዋ ከፊቷ ያሉትን መዝገቦች አየች። «የአቤቱታ አለን፣ የጥያቄ አለን። የምስጋና መዝገብ ግን የለንም።»

«ታዲያ ክፈቺ!» አሉ እናትየው፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «እኔ አልቸኩልም። አሁን እንደ ልቤ መውረድና መውጣት እችላለሁ።»

ጸሐፊዋ ከመሳቢያዋ አዲስ ደብተር አወጣች፣ በማስመሪያ አሰመረችው፣ አናቱ ላይ ቁጥር አንድ ብላ ጻፈች።

«ስምዎ ማን ልበል?»